የጓሮው ክፍል ግድግዳ

ሰኔ 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ቤቱን እንሸጣለን። ተቆረጠ።

ሔለን ከባሕር ዳር ደውላ የአባቷን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ለመስከረም እንዳስያዘች ነገረችኝ። የአሶሳው ሐኪም ባለፈው ወር ሪፈር ሲጽፍልን ግላኮማ ነው፣ ክትትሉም የዕድሜ ልክ ነው ብሎናል። በየወሩ ከአሶሳ ባሕር ዳር መመላለስ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ጠቅልለን ልጃችን ዘንድ እንገባለን። እኔም ከሥራዬ በገዛ ጥያቄዬ ወጥቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሳዋልድ የኖርኩ ሰው አንድ ቤት መሸጥ አያቅተኝም።

ለጎሹ ስነግረው «እንግዲህ አንች ካልሽ» አለ። ደህና ነው። ባሌ ዓይኑ ትንሽ ደከመው እንጂ ግቢውን ያለ ማንም ይዞራል። ከበሩ እስከ ማንጎው፣ ከማንጎው እስከ መጸዳጃው አንድም ነገር አይነካም።

ይህችን ደብተር የጀመርኩት ለጥገናው ነው። ስጽፍ ነገር አይጠፋብኝም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱን እንደ ባዕድ ሰው ዞሬ አየሁት። የፊቱ ቀለም ተልጧል። የሳሎኑ ኮርኒስ መሐሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ወርዷል። የደጁ ደረጃ ጠርዙ ተሸርፏል። በመንገዱ በኩል ያለው የቀርቀሃ አጥር ግማሹ በስብሷል።

ደላላው ታምሩ ትናንት መጥቶ ሁሉንም ካየ በኋላ «ሲስተር፣ ገዢ የሚገዛው በዓይኑ ነው» አለኝ። ቀለም፣ ኮርኒስ፣ ደረጃ፣ አጥር፤ ሌላውን ተዪው ነው ምክሩ። ግድቡ እያለቀ ስለሆነ ከጉባ የሚወጣው ሠራተኛ ሁሉ አሶሳ ላይ ቤት ይፈልጋል ይላል። ታምሩ ወሬ ያበዛል፤ በዚህኛው ግን ልክ ነው።

ጎሹ ደግሞ ሌላ ነው የሚለው። መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን፣ ከዚያ በጓሮ በኩል የጎርፍ ቦይ ይቆፈር፣ ከዚያ የቋሚዎቹ ሥር ተጭሮ ምስጥ መኖር አለመኖሩ ይታይ አለ። «ቀለም ጣራ አይሸከምም» አለኝ። አናጢ ነዋ፤ ይህን ቤት በ1986 በገዛ እጁ ነው የሠራው። የቋሚዎቹን ሥር በእሳት ለብልቦ፣ የተቃጠለ ዘይት አጠጥቶ ነው የተከላቸው። የአሶሳ ምስጥ የጎረቤቱን ሁሉ ቤት ሲበላ የእኛን አልቀመሰም ብሎ ለከተማው ያልነገረው ሰው የለም።

ነገር ግን የሚኖርበት ሰውና የሚሸጥ ሰው አንድ ዓይነት ጥገና አይጠግኑም። ይህን ነገርኩት። አሸንዳውን ተቀበልኩት፣ በረንዳው ላይ ስለሚተፋ። ቦዩንና ቋሚውን ተውኩት። የማይታይ ሥራ ነው።

በ1977 ከወሎ በአውቶቡስ አምጥተው እዚህ ሲያራግፉን አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ የያዘችው አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ከዚያ ተነስተን ቤት የሠራን ሰዎች ነን። ማፍረሱም መሸጡም አያስፈራኝም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ግንበኛው ገረሱ ከባምባሲ መጥቶ ሥራ ጀመረ። ብዙ የማይናገር፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። ሁለት ከፍ ከፍ ያሉት የድሮ ደረጃዎች ፈርሰው ሦስት ዝቅ ዝቅ ያሉ ሆኑ። አምሯል።

ከሰዓት በኋላ ጎሹ ሲወጣ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። ቸኩሎ ነው። መነጽሩንም አላደረገም። ገረሱ አየኝ፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሥራህን ጨርስ አልኩት።

ሰኔ 17

ለቀለሙ ብለን ቁም ሳጥኑን ወደ በሩ አዞርነው። ጎሹ ግንባሩን መታው። በእጁ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። እስኪደርቅ ነው አልኩት።

ሰኔ 19

ዝናብ። ሥራ የለም። ጎሹ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «አሸንዳው ከቀኝ በኩል ሁለተኛው መጋጠሚያ ላይ ያፈሳል» አለኝ። ሄጄ አየሁ፤ እውነቱን ነው። ጆሮው እንደሆነ የወጣት ነው።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ዝናቡ ጋብ ሲል ገረሱ የጓሮውን ክፍል ገባበት። የለቀቀውን ልስን ብቻ አንስቶ መልሶ ሊለስን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር» ብሎ ጠራኝ።

ካቻቪቴውን ይዞ ቋሚው ላይ አስደገፈው። አልመታውም፣ አልገፋውም፤ ዝም ብሎ አስደገፈው። እስከ እጀታው ገባ። ሲያወጣው ነጫጭ ምስጦች ተከትለውት ወጡ። ከዚያ ግድግዳውን እየተከተለ እየወጋ በኦሮምኛ ቆጠረ፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። ከስምንቱ ቋሚ አምስቱ ውስጣቸው አፈር ነው። የቆመው ቅርፊቱ ነው።

ለጋሽ ጎሹ እንንገራቸው አለ። አይሆንም አልኩ።

ይህ ክፍል የተሠራው በ1988 ክረምት፣ ሔለን ልትወለድ ስትል ነው። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ለመለብለብም ለዘይቱም ጊዜ አልነበረም፤ ከመውለዴ በፊት ይድረስልኝ ብዬ ያቻኮልኩት እኔ ነኝ። አሁን ዓይኑ ደክሞ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የምትኮራበት ቤት ተበልቷል ብዬ ልንገረው? ደግሞስ አምስት ቋሚ መቀየር ማለት በክረምት ጣራ በድጋፍ አንጠልጥሎ ግድግዳ ማፍረስ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ግድግዳ ለአንድ ክረምት ብሎ አይወድቅም። አስቤበታለሁ። ልክ ነኝ።

ገረሱን ልሰነው አልኩት። አሳምሮ እንደሚለስነው ነግሮኝ፣ ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁኝ ግን ስሙን እንዳላነሳ ለመነኝ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ተለሰነ። ነጭ ተቀባ። ከሁሉም ክፍል የሚያምረው የጓሮው ሆነ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጎረቤቴ በቀለች ከፊቷ መሆኔን ሳታውቅ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማኋት። «ይታይሽ ቤቷን ትኳላለች፣ ባሏ ግን ትናንት ጎዳና ላይ ከቆመ ባጃጅ ጋር ሲጋጭ አይቻለሁ» አለች። ስሜን ስሰማ ዞር ብዬ ሰላም አልኳት። ደነገጠች።

ቤት ስገባ ጎሹን ወጥተህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምስማር ልገዛ አለ። ለምን ምስማር አስፈለገህ? ስለ ዝናቡ አነሳብኝ። በቀለች ሁልጊዜም ነገር ማጋነን ትወዳለች።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ገዢ መጣ። ታምሩ ይዟቸው የመጣው የሆሞሻ ነጋዴ ረጀብንና ባለቤቱን ሀዲልን ነው። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ሁለት እጄን ያዘች። እኔ ቶሎ አላወቅኳትም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሆሞሻ ጤና ጣቢያ ሳለሁ፣ ሕፃኗ በጭንቅላቷ ፈንታ በእግሯ መጥታ ሌሊቱን ሙሉ ስንታገል ያደርን ልጅ እግር ሴት ናት። ያች ሕፃን አሁን ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው። ወደ አሶሳ የሚመጡትም ለእሷና ለእህቶቿ ትምህርት ብለው ነው፤ መስከረም ሳይብት መግባት ይፈልጋሉ።

ቤቱን አዞርኳቸው። ረጀብ ጣራውን አየ፣ ካርታውን አየ፣ ስለ ውሃው ጠየቀ። ሀዲል የጓሮውን ክፍል ስታይ ቆመች። ልጆቹ እዚህ ይተኛሉ አለች፤ ከመንገድ የራቀ፣ ጸጥ ያለ ነው። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ሀዲል አማርኛዋ የበርታ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው።

«ሲስተር፣ አንተ ልጄን በእጅህ ተቀበለ» አለችኝ። «አንተ ቤቱ ጥሩ ነው ካለ፣ ወላሂ፣ እኔ ሌላ ሰው አልጠይቅም። ይሄ አማና ነው፣ አደራ።»

ጥሩ ቤት ነው አልኳት።

ጎሹ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ተስማማን። ረጀብ ለንግዱ ቶንጎ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ነው፤ ውሉን ነሐሴ 17 እንፈራረማለን። ሔለን ስትሰማ በደስታ አለቀሰች። ሁሉም እንዳሰብኩት እየሄደ ነው። ታምሩ እንደ እኔ ያለች ሻጭ አላየሁም አለ።

ዕቃ ማሰር ጀምሬያለሁ። ጎሹ ግን የመሣሪያ ሳጥኑን አያስነካኝም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ። ዛሬ ጠዋት የጓሮውን ክፍል ስከፍት ነጩ ግድግዳ ላይ ከወለሉ እስከ ወገቤ የሚደርስ ቡናማ መስመር አየሁ፤ ጣት የሚያህል፣ ከአፈር የተሠራ። ምስጥ መንገዱን ሠርቷል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ምንም አልቀረም።

ሐምሌ 30

ተመልሶ መጥቷል። ሁለት ሆኗል። ጠረግኩት። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት።

ነሐሴ 2

ጠረግኩት። ጎሹ ሳይነሳ ነው የምነሳው።

ነሐሴ 3

ጠረግኩት። የፍልሰታ ጾም ነው፤ ኪዳን ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ግድግዳ ነው።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ዛሬ ስገባ መስመር የለም። ነጭ ጋዙ ሠርቷል ብዬ ደስ አለኝ። ቀርቤ ሳይ ግን ግድግዳው ላይ የጣት ዱካ አለ፤ ከወለሉ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ አራት ጣት ሰፊ። አንድ ሰው በእጁ ጠርጎታል።

ጎሹ ምሳ ላይ ጥፍሩ ሥር አፈር ነበረው። እጅህን ታጠብ አልኩት። ታጠበ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ከወፍጮ ቤት ስመለስ ጎሹና ገረሱ በረንዳው ላይ ሆነው ሲያወሩ አጥሩ ሥር ደርሼ ሰማኋቸው። ዱቄቱን ተሸክሜ ቆምኩ።

ጎሹ «ከስምንቱ ስንት ነው?» አለ። ገረሱ አምስት መሆኑን ነገረው። ጎሹ በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ አራት እንደቆጠረ፣ የማዕዘኑ ድምፅ አጠራጥሮት እንደነበር ነገረው። ከዚያ «ለሷ እንዳትነግራት» አለው። «ግድግዳው ጤነኛ መስሏት ነው የምትሸጠው። ካወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ገረሱ ሌላ ነገር ጠየቀው፤ ዓይናቸውን መቼ እንደጀመራቸው። ጎሹ ስለ ዛሬው አየር እንደሚያወራ ሰው ሆኖ መለሰ። አራት ዓመቱ ነው፤ በመጀመሪያ ማታ ማታ መብራት ሲያይ ዙሪያውን ቀለበት ይታየው ነበር። ገረሱ ለሲስተር አልነገሯቸውም ወይ አለው።

«ነግሬያት ነበር» አለ ጎሹ። «የዕድሜ ነው፣ መነጽር ግዛ አለችኝ። ያን ጊዜ ሥራ በዝቶባት ነበር።»

ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፤ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ልጽፈው።

አስታውሳለሁ። የሁለት ቀን ተረኛ ሆኜ ወጥቼ ነበር፤ ጫማዬን እያወለቅኩ ነው የነገረኝ። መብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ምን እንደሆነ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼዋለሁ። ሰው መጥቶ ጤና ጣቢያ ቢነግረኝ ኖሮ እዚያው ወረቀት እጽፍለት ነበር። የገዛ ባሌ ሲነግረኝ ግን መነጽር ግዛ አልኩት፤ እሱም ከገበያ ገዝቶ እስካሁን አድርጎት ይዞራል። ደረጃው ላይ ሲወድቅ መነጽሩን አላደረገም ብዬ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ገልጬ አነበብኩት።

ምሳ ላይ «አምስት ነው» አልኩት።

ጉርሻውን አስቀመጠ። ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ። ከሰኔ ሃያ አምስት ጀምሮ እንደማውቅ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ከካቻምና ጀምሮ ያውቃል። የገዛውም ምስማር ለዚያ ነው፤ እኔ ሳልኖር ከውስጥ ድጋፍ ሊመታበት ሞክሮ መዶሻው ጣቱን እንጂ ምስማሩን አላገኘው ብሎ ትቶታል። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ «ማየት የማልችለውን ግድግዳ አድሳለሁ ብዬ ልፎክርብሽ?» አለ።

ከዚያ ጠየቅኩት። በዚህ ዓመት ጠይቄው አላውቅም። አሁን ምን ይታይሃል?

በቀኙ ምንም። በግራው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። «አፍሽን ሳይ ዓይንሽ አይታየኝም» አለ። «ዓይንሽን ሳይ አፍሽን አላገኘውም። ደግነቱ አንች ዝም አትይም፣ በድምፅሽ አገኝሻለሁ።»

ሳቅሁ። የመብራቱን ነገር ግን አላነሳሁትም። አልደፈርኩም።

ስለ ቤቱ ተስማማን፤ ለነሀዲል እንነግራለን። ማታ ለሔለን ስነግራት ከተፈራረማችሁ በኋላ የነሱ ጉዳይ ነው፣ አባዬን ከቀጠሮው እንዳታስቀሩት አለች። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ልጆች እዚያ ግድግዳ ሥር ሊተኙ ነው አልኳት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ልክ በሦስት ሰዓት መጡ። ረጀብ፣ ሀዲል፣ ታምሩ፣ ሁለት ምስክሮች። ታምሩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ከመፈረማችሁ በፊት ኑ አልኩና ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። የገረሱን ካቻቪቴ ይዣለሁ። የመጀመሪያውን ቋሚ ወጋሁት፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ማዕዘኑን። ነጩ ልስን ተፈረካከሰ። ምስጦቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ረጀብ ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ጎሹ ዞረ። «ጋሽ ጎሹ፣ አንተ አናጢ ነህ» አለው። «ይሄን አላየህም?»

«አላይም» አለ ጎሹ። «ማየት ካቆምኩ ቆየሁ። የምሄደውም ለዚያ ነው።»

ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነው። በቀለች አጥሩ ላይ ነበረች፤ ሰምታለች። ትስማ።

ረጀብ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሀዲል ግን እኔን ነበር የምታየው። አልጮኸችም። «ሐምሌ ላይ እኔ ጠየቀ» አለች። «አንተ ጥሩ ቤት ነው አለ። ልጆቼ እዚህ ሊተኛ ነበር፣ ሲስተር።»

«አዎ» አልኳት። «ያን ቀን አውቅ ነበር።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ረጀብ ጎሹን ጨብጦ ተከተላት። ወረቀቱ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ታምሩ ትቶናል። እንደ እኔ ያለች ሻጭ አላየሁም አለ፤ የሐምሌው ዓይነት አባባል አይደለም። ሌላ ገዢም አይመጣም፣ የጓሮው ነገር ከተማውን ሁሉ አዳርሷል ይላል። አዳርሷል።

ቢሆንም ቀለል ብሎኛል። ጠዋት ስነሳ ጨርቅ አላነሳም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ከሰኔ ጀምሮ የትኛው ይጠገን፣ የትኛው ይቅር ስል ከረምኩ። ዛሬ በአንድ ሰዓት ወሰንኩ። የጓሮው ክፍል ይፈርሳል። በልስን አይሸፈንም፣ በድጋፍም አይያዝም፤ ይፈርሳል። ሦስት ጤነኛ ክፍል ያለው ቤት አራት ክፍል ካለውና አንዱ ከሚዋሽ ቤት ይሻላል። ጎሹ ስነግረው ተነስቶ የመሣሪያ ሳጥኑን አመጣ።

ገረሱ በክረምት ቤት የሚያፈርስ ሰው አላየሁም አለ፤ ግን መጣ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ጎሹ ነው የሚያዘው። መጀመሪያ ግድግዳውን ሊመታ የነበረውን ገረሱን አስቆመው። ቆርቆሮው ይውረድ፣ ከዚያ ማገሩ፣ ጤነኞቹ ሦስት ቋሚዎች መጨረሻ። የቱ ምስማር የት እንዳለ ከነቁጥሩ ያውቃል። ገረሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ይጠይቃል፣ እሱ ከታች ይመልሳል። ዋናውን ቤት ሊነካ የሚችለውን መጋጠሚያ ግን ለማንም አልሰጠም። ራሱ ወጣ። መሰላሉን እኔና ገረሱ ያዝን። በግራ እጁ ዳስሶ፣ በቀኙ መጋዙን አስጠግቶ ቆረጠው። አንድ ቆርቆሮ አልተነቃነቀም።

ሲወርድ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። እንደዚህ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አትውጣ ልለው ነበር። አላልኩትም።

የዋናው ቤት ቋሚዎች ሥራቸው ተጫረ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ደረቅ። ጎሹ እያንዳንዱን አንኳኳው።

ነሐሴ 29

ጓሮው ባዶ መሬት ሆነ። ምስጡ የቆፈረውን እየተከተልን ኩይሳውን ከነእናት ምስጧ አወጣነው። የጎርፍ ቦይም ተቆፈረ። ጎሹ ሰኔ ላይ ያለው ነው።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

የመውሊድ በዓል ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሩ ተንኳኳ፤ ሀዲል ናት፣ ብቻዋን። ሰላምታዋ አጭር ነበር። አልተቀመጠችም። ካቻቪቴውን ስጪኝ አለች፤ እንደ ልማዷ «ስጠኝ» ብላ።

ሰጠኋት። ቤቱን ከደጁ ጀመረች። እያንዳንዱን ግድግዳ፣ እያንዳንዱን ቋሚ፣ የበሩን መቃን፣ የመስኮቱን፣ ሳትዘል ወጋችው። ሰኔን ሙሉ ያስቀባሁት ቀለም ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። አንድ ሰዓት ፈጀባት። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ፤ አልተናገርኩም። የእኔ ቃል እዚህ ቤት ውስጥ ዋጋ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ጨርሳ ወደ ጓሮ ወጣች። ባዶውን መሬት አየች። ከዚያ ጎሹ አጠገብ ተቀመጠች።

«ረጀብ ሌላ ቤት አየ» አለችው። «ሰውየው ሁሉ ጥሩ ነው አለ። ሁሉ። እኔ ፈራ። የአንተ ቤት፣ የት መጥፎ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።»

ይገዛሉ። በጓሮው ራሳቸው ክፍል ያቆማሉ፤ ጎሹ እንጨቱን እንዴት እንደሚለበልቡት እስክትሰለች ድረስ ነገራት። ዋጋው እንደ ሐምሌው አይደለም፤ መሆንም የለበትም።

ሽኝት ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። እጄን ያዘች፣ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን አጥብቃ አይደለም። ጊዜ ይፈልጋል። ኢንሻአላህ ብላ ሄደች።

መስከረም 6 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ተፈራረምን። ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታ ነበር። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል።

መስከረም 9

ነገ እንሄዳለን። ጎሹ ሳሎኑን ባዶ ሆኖ ዞረው፤ ዕቃ ስለሌለ የሚነካው ጠፍቶት መሐል ቆመ። እጄን ሰጠሁት። ያዘው። ከዚህ በፊት አይዝም ነበር።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ፣ ባሕር ዳር

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። ሁለት ሰዓት ያህል መረመረው። ቀኙ አይመለስም። ግራው የቀረውን ይዞ እንዲቆይ ጠብታ አለ፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና። የጠፋው አይመለስም፤ ያለው ግን ይጠበቃል አለ። የሚጠበቅ ነገር መኖሩን ስሰማ የጠብታውን ሰዓት እዚያው መዝግቤ ጨረስኩ።

ከዚያ ታሪኩን ሊጽፍ ጠየቀ፤ የመጀመሪያው ምልክት መቼ ነው፣ ለማን ተናገሩ? ጎሹ ፈጥኖ መለሰ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ቸል ያልኩት እኔ ነኝ አለ። ሔለን አባቷን አየችው። ሐኪሙ መጻፍ ጀመረ።

«አይደለም» አልኩ። «ከአራት ዓመት በፊት ለእኔ ነግሮኛል። መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታየኛል ብሎ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። መነጽር ግዛ ብዬ መለስኩት።»

ሐኪሙ ብዕሩን አቆመ። አየኝ፤ ከዚያ የጻፈውን ሰርዞ ያልኩትን ጻፈ።

ሔለን መድኃኒት ልትገዛ ስትሄድ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጎሹ ለምን ነገርሽው አለኝ። ስለሆነ ነው አልኩት። እጄን አልለቀቀም።

ቆይቶ «ከፊታችን ምን ይታያል?» አለ።

ሐይቁ ይታያል ልል ነበር፤ ባሕር ዳር መጥቶ ሐይቅ ቢነገረው ደስ ይለዋል ብዬ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ሐይቁ አይታይም» አልኩት። «ያልተጨረሰ ፎቅ ጋርዶታል። ሦስተኛው ወለል ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ የሠራተኞች ነው መሰለኝ። ከሥሩ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች። ጭሱ ወደ እኛ ነው።»

«ሸትቶኛል» አለ። «ቀጥይ።»

ቀጠልኩ።